ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና፦ ስለ ሪሞት ክራውለር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ አንድ ፓርክ ውስጥ ድንጋይ ሥር ተንበርክኬ ሪሞት ይዤ ያየኝ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ «ስንት ትሮጣለች?» አትሮጥም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል። ሁለተኛው ጥያቄ «ለልጅህ ነው?» የሚል ነው። እሱን ስቄ አልፈዋለሁ። የቀሩትን ግን በየሳምንቱ ከምደግማቸው አንዴ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

ክራውለር ከሌላው የሪሞት መኪና በምን ትለያለች?

ሌላው ለሩጫ ነው የተሠራው። ክራውለር ለመውጣት። በብዛት የምትገኘው የእውነተኛ መኪና አንድ አስረኛ (1፡10) ሆና የተሠራችው ናት። ርዝመቷ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ ባትሪዋን ይዛ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ። ፊትም ኋላም ድፍን አክስል አላት። አራቱም ጎማዎቿ ይጎትታሉ። ዲፈረንሻሏ ደግሞ የተቆለፈ ነው፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠል ሌላው መጎተቱን አይተውም። «ስኬል» የሚባለው እውነተኛዋን መኪና እንድትመስል ስትደረግ ነው፤ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ዊንች፣ ትርፍ ጎማ ሳይቀር።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ በፈረንጆቹ 1981 ባለ 3 ማርሽ ካምቢዮና ባሌስትራ ያላት ቶዮታ ሃይለክስ አውጥቶ ነበር። አሁን በየድንጋዩ ላይ የምታዩዋቸው በብዛት የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ቤተሰብና በ2017 የወጣችው የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ናቸው።

ተገጣጥማ ያለቀላት ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ትወዱት አትወዱት እንደሆነ ገና ካላወቃችሁ ያለቀላትን ግዙ። ባትሪ ብቻ አስገብታችሁ በዚያው ቀን ድንጋይ ላይ ናችሁ።

ትዕግሥት ካላችሁ ግን የእኔ ምክር በክፍል በክፍል የሚመጣው ካርቶን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞተር፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሪሞትና ባትሪ ለብቻ ይገዛል፤ ስለዚህ ርካሽ አይደለም። ሁለት ሦስት ማታም ይፈጃል። እኔ የመጀመሪያዋን ስገጣጥም ቪቴዎቹን በርዝመታቸው ለይቼ በስድስት የቡና ሲኒ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ባለቤቴ እንግዳ መጣ ብላ ሲኒዎቹን ሰበሰበቻቸው። ያን ማታ ስለ 8 እና ስለ 10 ሚሊሜትር ቪቴ ልዩነት ብዙ ተማርኩ።

ጥቅሙ የሚታየው በኋላ ነው። ተራራ ላይ አንድ ነገር «ቀጭ» ሲል የቱ ቪቴ እንደላላ እጃችሁ ያውቀዋል። ባለ 1.5፣ ባለ 2 እና ባለ 2.5 ሚሊሜትር ጥሩ አለን ቁልፍና ለጎማው ዳዶ ባለ 7 መፍቻ ያዙ። ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣውን ቁልፍ ጣሉት፤ የቪቴውን ጭንቅላት ያበላሻል። ብረት ብረት ውስጥ በሚገባበት ቦታ ሁሉ እንዳይላላ የሚያደርገውን ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ አድርጉ። ፕላስቲክ ላይ ግን እንዳይነካ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያደርቅና ይሰነጥቀዋል።

ስንት ያስወጣል?

እዚህ አሜሪካ ያለቀላት 1፡10 በብዛት ከ300 እስከ 600 ዶላር ነው። ባትሪና ቻርጀር ጨምሩበት። እጅ ላይ የምትቀመጠው 1፡24 ብዙ ትረክሳለች፤ ሶፋ ትራስ ላይም ትነዳለች። ለአፓርታማ ክረምት እሷን የመሰለ የለም።

መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ጎማ። አዲስ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ሞተር ነው። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት። ሞተሩን ለወጥኩ፤ ያው ደረቅ ጎማ ያው ድንጋይ ላይ ከበፊቱ ፈጥኖ ይሽከረከር ጀመር። መውጣቷን እንደሆነ አልወጣችም።

ጥሩ ጎማ ምን እንደሚሠራ ለማየት ደረታችሁ ላይ ተኙና ከጎን ተመልከቱት። ደረቁ ጎማ የድንጋዩን ጠርዝ ሲነካ ቅርጹን አይለቅም፤ ጫፉ ላይ በአንዲት ጥርስ ቆሞ ይንሸራተታል። ለስላሳው ግን ጠርዙ ላይ እንደ ሊጥ ይተኛል። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ ድንጋዩን ጎርሰው ይይዛሉ፣ ከዚያ መኪናዋ ዝም ብላ ትነሳለች። ድምፅ እንኳ የለውም።

ውስጡ አየር አይነፋም፤ ስፖንጅ ነው ያለው። ስፖንጁ በጣም ለስላሳ ከሆነ ጎማው ዘንበል ባለ ቦታ ይተጣጠፍና መኪናዋን ይጥላታል። በጣም ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ጥሩውን ጎማ ደረቅ ያደርገዋል። ውስጡ ጠንከር፣ ላዩ ለስለስ ያለ ሁለት ድርብ ስፖንጅ አለ፤ እሱን አገኘሁ ካላችሁ አትለፉት። ቸርኬው ወይም ጎማው ላይ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩንም አረጋግጡ። አየሩ መውጫ ካጣ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል።

ቸርኬውን በቪቴ የሚጠብቅ ቀለበት ያለው ግዙ። በኮላ የተለጠፈ ጎማ ስፖንጅ ልቀይር ብትሉ አይሆንም። መጠኑ ለ1፡10 በብዛት ባለ 1.9 ኢንች ቸርኬ ነው። ትልቅ ጎማ ደስ ይላል፤ ግን መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፣ ሰርቮውንም ያደክማል።

ክብደት ብጨምርባት አይከብዳትም?

ይከብዳታል። የት ላይ እንደጨመራችሁ ነው ቁም ነገሩ። ከታች ከሆነ ትወጣለች፣ ከላይ ከሆነ ትገለበጣለች። ለዚህ ነው የናስ ዕቃ የሚሸጠው፤ የቸርኬ ቀለበት፣ የፊት ጎማ መታጠፊያ፣ የአክስል ክዳን። ናስ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ከሞላው በታች ናቸው። በእነሱ ላይ የተጨመረ 50 ግራም ሻንሲው ላይ ከተጨመረ 50 ግራም ጋር አይወዳደርም።

ከኋላ ይልቅ ፊቷ ይክበድ። ዳገት ላይ ክብደቱ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊት ጎማዎቹ ቀለው መሬት ይለቃሉ። ሰው ሁሉ የሚነሳበት ልክ 60 በመቶ ፊት፣ 40 በመቶ ኋላ ነው። ሁለት የማዕድ ቤት ሚዛን ጎን ለጎን አድርጉ፤ እኔ በርበሬ የሚመዘንበትን አንዱን ከቤት፣ ሌላውን ከጎረቤት ነው ያመጣሁት። የፊት ጎማዎቹ አንዱ ላይ፣ የኋላዎቹ ሌላው ላይ ይቁሙ። ገንዘብ ሳታወጡ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ወደ ፊት አምጡትና ደግማችሁ መዝኑ። የእኔዋ በዚያ ብቻ ከ51 ወደ 56 በመቶ ሄዳለች።

ሌላው ፈተና ጣውላ ነው። መኪናዋን ጣውላ ላይ በአራት ጎማዋ አግድም አቁሟት፤ ስልካችሁን የማዕዘን መለኪያው ላይ አድርጋችሁ እዚያው አስቀምጡ። ቀስ ብላችሁ በአንድ ጎኗ በኩል ያለውን ጠርዝ አንሱ። የላይኞቹ ጎማዎች ጣውላውን ሲለቁ ቁጥሩን ጻፉት። አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት። የእኔዋ 38 ዲግሪ ላይ ነበር የምትወድቀው። ናሱ ከገባ፣ ሻንሲውም ትንሽ ከወረደ በኋላ 46 ደርሳለች። ይቺ ጣውላ ዕቃ እንዳልገዛ ብዙ ጊዜ አድናኛለች፤ ምክንያቱም ብዙው «ማሻሻያ» ቁጥሩን ንቅንቅ አያደርገውም።

ታዲያ ሞተር መቼ ነው የምቀይረው?

በመጨረሻ። ብሩሽ ያለው ተራ ሞተር ለክራውለር ይበቃል። ላዩ ላይ 35ቲ፣ 45ቲ፣ 55ቲ የሚል ታያላችሁ፤ የሽቦው ጥምጥም ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞተሩ ይዘገያል፣ በዝግታ ግን ይበልጥ ይታዘዛል። ለ2ኤስ (ሁለት ሴል ላለው) ባትሪ 35ቲ፣ ለ3ኤስ (ባለ ሦስት ሴል) 45ቲ ወይም 55ቲ ጥሩ መነሻ ነው። ብሩሽ አልባ ከፈለጋችሁ ሴንሰር ያለውን ውሰዱ። ሴንሰር የሌለው በጣም ቀስ ስትሉ ይንቀጠቀጣል፤ ክራውለር ደግሞ ሥራዋ ሁሉ በጣም ቀስ ማለት ነው።

ከሞተሩ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ኢኤስሲ የሚባለውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ክፈቱና ድራግ ብሬኩን 100 በመቶ አድርጉት። ጣታችሁን ስትለቁ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ እንኳ የእጅ ፍሬን እንደተሳበ ቆማ መቅረት አለባት። ሁለተኛ፣ ሞተሩ አፍ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ፣ ፒኒየኑን፣ ጥቂት ጥርስ ባነሰ ቀይሩት። ከሞተር በብዙ ይረክሳል፣ ዝግታውን ግን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ጥርሶቹ ይጮኻሉ፤ ምን ላድርግ?

ፒኒየኑና ትልቁ ጥርስ ወይ ተጨናንቀዋል ወይ ተራርቀዋል። ከደብተር ቀጭን ወረቀት ቅደዱ። የሞተሩን ቪቴዎች አላሉ፣ ወረቀቱን በሁለቱ ጥርስ መሃል አስገቡ፣ ሞተሩን ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁ። ከዚያ ጥርሱን በእጃችሁ አዙራችሁ ወረቀቱን አውጡት። እንደ ሹሩባ ተጨማድዶ፣ ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ትልቁን ጥርስ በጣታችሁ ወዝወዝ ስታደርጉት ትንሽ «ቲክ» የምትል ክፍተት ይኑረው።

«ነዳጅ» ስሰጣት አንድ ጎኗ ለምን ይሰግዳል?

(ነዳጅ የላትም፤ አፋችን ለምዶ ነው።) ሞተሩ ትራስሚሽኑን ሲጠመዝዝ ሻንሲው በተቃራኒው ይጠመዘዛል። ዳገት ላይ በደንብ ይታያል፤ አንዱ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ቲአርኤክስ-4ና በ2020 የወጣችው ኤስሲኤክስ10 ሦስተኛው ትውልድ ለዚህ ፖርታል አክስል ይዘው መጡ። በየጎማው ጀርባ ተጨማሪ ጥርስ አለ። ኃይሉ የሚበዛው እዚያ ጎማው ጋ ስለሆነ ትራስሚሽኑ በትንሽ ጉልበት ይዞራል፣ ጠምዘዛውም ይቀንሳል። አክስሉም ከጎማው መሃል ከፍ ስለሚል ድንጋይ በቀላሉ አይነካውም።

ፖርታል የሌላት ከሆነች በሚሰግደው ጎን ያለውን ሞላ ጥቂት አጥብቁት። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ግን ትኖሩበታላችሁ።

አሞርዛተሩን እንዴት ላስተካክል?

ለስለስ አድርጉት። ጠንካራ ሞላ ያላት ክራውለር ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች። መሬት ላይ አቁማችሁ ስታዩ አሞርዛተሩ ከአጠቃላይ ጉዞው ሲሶ ያህሉን ገብቶ መቆም አለበት፤ ያኔ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚወርድበት ቦታ አለው። ዘይቱ 30 ቁጥር ጥሩ ነው። ስትሞሉት አረፋው እስኪያልቅ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉት። አየር የቀረበት አሞርዛተር ይንቋቋል።

ኦቨርድራይቭ ምንድን ነው?

የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ጥቂት እንዲፈጥኑ በጥርስ ማስተካከል ነው። ፊቱ ይጎትታል፣ ኋላው ይከተላል። ዳገት ላይ ፊቷ አይነሳም፣ ጠባብ ቦታም ላይ በቀላሉ ትታጠፋለች። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማ ለጎማ ይታገላሉ፤ ትራስሚሽኑን ይፈትነዋል። ለመጀመሪያ ዓመት አያስፈልጋችሁም።

መሪው ድንጋይ ሲይዘው መኪናዋ በሙሉ ጠፍታ ትበራለች። ሪሞቱ ነው?

አይደለም። እኔ ግን ሪሞቱ መስሎኝ አዲስ ገዝቻለሁ፤ ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁ።

የድሮውን ሰርቮ አውጥቼ 35 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ጉልበት ያለው አስገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ግሩም ነው። ተራራ ላይ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሪውን ስጠመዝዝ መብራቷ ድርግም፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ እንደገና ብልጭ። ሪሞት ቀየርኩ። ያው። መኪናዋ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨር ቀየርኩ። ያው። ለካ ሰርቮው ሲታገል የሚጠጣውን ኮረንቲ ኢኤስሲው ውስጥ ያለው ቤክ የሚባለው ክፍል መስጠት አይችልም። ቮልቱ ሲወርድ ሪሲቨሩ ይጠፋል። መፍትሔው ከባትሪው በቀጥታ ለሰርቮው ብቻ የሚሰጥ ሌላ ቤክ ነው፤ ከገዛሁት ሪሞት ዋጋ ሩቡ። ሰርቮው የሚችለውን ቮልት ላዩ ላይ አንብቡ፤ 6 የሚለውን 7.4 ብትሰጡት ይቃጠላል።

የሊፖ ባትሪ ይፈነዳል የሚሉት እውነት ነው?

ሊፖ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው፤ ካልተጠነቀቃችሁ በእሳት ይያያዛል። ፍርሃት አያስፈልግም፣ ደንብ ግን ያስፈልጋል። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.2 በታች አታውርዱት። ኢኤስሲው ላይ «ሊፖ» የሚለው መመረጡን እዩ። ከሳምንት በላይ የማትነዱ ከሆነ በሴል 3.8 አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ባለ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ በ5 አምፒር ይሞላል፤ ቸርጃችሁ አትተኙ፣ ከቤትም አትውጡ። ያበጠ ባትሪ አልቆለታል። «ለዛሬ ብቻ» የለም።

ለክራውለር ትልቅ ባትሪ አያስፈልግም። አጭሩ ባለ 2200 3ኤስ ቀላል ነው፣ ፊት ላይም ይገባል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳችኋል።

ውሃ ውስጥ ትገባለች?

ኤሌክትሮኒክሱ ውሃ የሚችል ከሆነ ትገባለች። ኩሽኔታው ግን አይወድም። ከወጣችሁ በኋላ አድርቁ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ፤ አክስሉንም አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ግራሶውን ቀይሩ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ ጎማውን ጨምቁት።

የላንድክሩዘር ቦዲ አለ?

አለ! ኪለርቦዲ የሚባለው አምራች ባለ 70ዋን ላንድክሩዘር በጠንካራ ፕላስቲክ ሠርቷታል። እውነቱን ለመናገር እኔን ወደዚህ ጣጣ ያስገባችኝ እሷ ናት። ነጭ ቀባኋት፣ ፖርቶመጋላ ሠራሁላት፣ ላዩ ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካንና የተጠቀለለ ፍራሽ ጫንኩ። ወደ ጎንደር የምትሄድ ነው የምትመስለው።

ከዚያ ጣውላዋ ላይ አወጣኋት። 37 ዲግሪ። ጠንካራ ቦዲ ሌክሳን ከሚባለው ቀጭን ፕላስቲክ ከተሠራው በብዙ ይከብዳል፤ ክብደቱም ሁሉ ያለው ከላይ ነው። አሁን ሁለት ቦዲ አለኝ። ላንድክሩዘሯ ለፎቶና ለመንገድ፣ ቀጭኑ ለድንጋይ።

ሁሉን አስተካክያለሁ፤ አሁንም አትወጣም!

ድንጋዩን በመሃል ልታሳልፉት እየሞከራችሁ ይሆናል። ጎማውን ድንጋዩ ላይ አውጡት እንጂ ድንጋዩን በሆዷ ሥር አታስገቡት። የገጠር መኪና ረዳት ወርዶ ከፊት ቆሞ «ና! ና! ወደ ግራ ቁረጥ! በቃ!» የሚለውን አስታውሱ። እናንተም ከኋላ አትንዱ። ዞራችሁ ፊት ቁሙ፣ የፊት ጎማውን እዩ፣ ጎማው ጠርዙን እስኪይዝ ጣታችሁን ያዝ አድርጉት። ከተንሸራተተች ጨምራችሁ አትስጧት። ወደ ኋላ መልሷትና በሌላ መስመር አምጧት፤ አንዳንዴ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን መሄድ ይበቃል።

ወደ አዲስ አበባ ይዣት መሄድ እችላለሁ?

እኔ ይዤ ሄጃለሁ። መኪናዋ በሻንጣ ትገባለች። ባትሪዎቹ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጓዙት፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ። የአውሮፕላን ደንቡ የሚቆጥረው ዋት-ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ባትሪ ከ100 ካላለፈ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት፦ 7.4 በ5 ማለት 37 ነው፤ 11.1 በ2.2 ደግሞ 24 ከምናምን። በጣም ሩቅ ናችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አየር መንገዱን ግን ጠይቁ። ሪሞቱን የሚያይ ሰው ድሮን ሊመስለው ስለሚችል ከመኪናዋ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት፣ ቶሎ እንዲታይ።

ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ እዚያ ይሠራል፤ 110 ብቻ ካለ አትሰኩት። መለዋወጫ እዚያ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ፒኒየን፣ የአክስል ዘንግና አንድ ትርፍ ሰርቮ ያዙ።

ድንጋዩ አያሳስባችሁ። የሞአብ፣ ዩታ፣ አሸዋማ ድንጋይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጎማ ይይዛል፤ የእንጦጦው ጥቁር ድንጋይ ግን ጠርዙ ስለት ነው፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ሳሙና። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ያላለቀ ኮብልስቶን ነበር። የእህቴ ሰፈር መንገዱ ዳር ተቆልሎ የቀረ ድንጋይ አለ። የሰፈሩ ልጆች ክምሩ ጫፍ ላይ የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጠው ወረፋ ያዙ፤ ቆርኪውን በጎማ የነካ ሪሞቱን ለአንድ ዙር ይጨምራል። ከእኔ ይልቅ የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ነበረች ቀድማ የነካችው። ጣቷ ቀስ የሚል ነው።